ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ፦ የልብ ምት መዛባትና የባሕር ማዶ ጉዞ

የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ለሩቅ መንገድ ሲነሳ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አውሮፕላን መሳፈር ይችላል ወይ?» ብሎ ነው። ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ «ይችላል» ይላል፤ ቤተሰቡም እፎይ ብሎ ሻንጣ ወደ ማዘጋጀቱ ይዞራል። ስለ ጉዳዩ የተጻፉትን መመሪያዎችና ጥናቶች ጎን ለጎን አድርጌ ሳያቸው ግን ትልቁ ጭንቀት ያረፈው በትንሹ አደጋ ላይ ሆኖ ይታየኛል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ ይበልጥ የሚፈትኑት ከወረደ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው፤ የመድኃኒቱ ሰዓት፣ የሆድ ሕመሙ፣ ጾሙ፣ ዳገቱ፣ በሰው እጅ የተላከው ኪኒን። ስለዚህ በረራውን በአጭሩ አልፌ ወደ እነዚህ እሄዳለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2013 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን የታተመ ጥናት ከአምስት አየር መንገዶች የመጡ ወደ 12 ሺህ የሚጠጉ የበረራ ላይ የሕክምና ጥሪዎችን መርምሯል። እንዲህ ያለ ጥሪ የሚያጋጥመው ከ604 በረራ በአንዱ ነበር። ከጥሪዎቹ ከሦስት አንዱ በላይ ራስን መሳት ወይም ለመሳት መቃረብ ሲሆን፣ ልብ የቆመባቸው ግን 0.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከፍታውም ቢሆን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢሳሳ ቢሳሳ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለው አየር ጋር የሚመጣጠን ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ቦሌ ላይ የተሳፈረ አዲስ አበቤ፣ አውሮፕላኑ ደመናውን ሰንጥቆ ቢወጣም፣ የሚተነፍሰው አየር ሰፈሩ ከሚተነፍሰው ብዙም አይለይም። በድሪምላይነርና በኤርባስ ኤ350 ውስጥማ ግፊቱ የ1,800 ሜትር ያህል ስለሆነ ከከተማው የተሻለ አየር ያገኛል።

በእርግጥ በቅርቡ ራሱን የሳተ፣ ምቱ ገና ያልተረጋጋለት፣ ደረቱ ውስጥ የተተከለው የኤሌክትሪክ ንዝረት መስጫ መሣሪያ ሰሞኑን የተኮሰበት፣ ወይም ጋደም ሲል ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ሐኪሙ ሳያየው መሳፈር የለበትም። ፔስሜከር የተተከለለት ሰው ችግር ካልገጠመው በጥቂት ቀናት ውስጥ መብረር እንደሚችል የእንግሊዝ የአቪዬሽን ሕክምና መመሪያ ይገልጻል። በረጅም በረራ እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ ከአራት ሰዓት በላይ ሲቀመጡ በእጥፍ ያህል ይጨምራል፤ የደም ማቅጠኛ በአግባቡ የሚወስድ ሰው ግን መድኃኒቱ ለዚህም ይጠቅመዋል። ውኃ መጠጣት፣ በየጊዜው ተነስቶ መራመድ፣ መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣ መያዝ በቂ ነው።

ከፍታ የሚያሳስበው በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣውን ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ፣ ከባሕር ጠለል አካባቢ ተነስቶ ለሠርግ ወይም ለፋሲካ የሚመጣው ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን አገሩ ላይ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በአውሮፕላን ውስጥ ይህ የሰዓታት ነገር ነበር፤ እዚህ ሌሊትም ቀንም ነው። ሰውነት ለዚህ መልስ የሚሰጠው ምቱን በማፍጠንና የአድሬናሊን ስርዓቱን በማነቃቃት ነው፤ ይህ ደግሞ የተዛባ ምትን የሚቀሰቅሰው ሁኔታ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በዝግታ ያሳለፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ይለምደዋል። እንግዳ ግን እንዲያርፍ የሚተወው የለም! በወረደ ማግስት እንጦጦ ይወጣል፤ በሦስተኛው ቀን ላሊበላ፣ ከዚያም ሰሜን ተራሮች። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ። የሚወደውን አገር ለማየት የመጣ ሰው እንዳይሄድ መከልከል የለበትም፤ ፕሮግራሙ ግን ከዝቅታ ወደ ከፍታ ደረጃ በደረጃ ሊወጣ ይገባዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከተለመዱት የምት መዛባቶች ብዙ ሰው ላይ የሚታየው ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው ነው። የልብ ላይኛዎቹ ሁለት ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው ይርገበገባሉ፤ ደሙ በውስጣቸው ይዘገያል፣ ይረጋል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ይሆናል። በአሜሪካ ፍራሚንግሃም ከተማ ለአሥርት ዓመታት የተካሄደው ክትትል ይህ ሕመም የስትሮክን አደጋ አምስት እጥፍ ያህል እንደሚያሳድግ አሳይቷል። ሩማቲክ የልብ ሕመም አብሮ ሲኖር ግን ወደ 17 እጥፍ ይደርሳል።

እዚህ ላይ የምዕራባውያን የጉዞ ምክር ከእኛ ሕመምተኛ ጋር ይለያያል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚጻፉት ምክሮች በዓይነ ሕሊናቸው የሚስሉት ሰባ ዓመት ያለፈውን ጡረተኛ ነው። በኢትዮጵያና በብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን ሩማቲክ የልብ ሕመም በልጅነት ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ተነስቶ የልብ ቫልቭን ያበላሻል፤ ሰለባዎቹም ወጣቶች ናቸው። ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ12 የአፍሪካ አገሮች፣ ከሕንድና ከየመን ከ3,300 በላይ ሕመምተኞችን የመዘገበው ሬመዲ የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም የሕመምተኞቹ መካከለኛ ዕድሜ 28 ሆኖ ተገኝቷል። ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ነበሩ፤ ከአምስቱ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነበረባቸው። ስለዚህ «የልብ ምት ሕመም ያለበት መንገደኛ» ስንል ልጆቿን ለማየት ወደ ሜሪላንድ የምትሄደው እናት ብቻ ሳትሆን፣ ለሥራ ወደ ሪያድ፣ ለትምህርት ወደ አውሮፓ የምትሄደው የሃያ አምስት ዓመት ወጣትም ናት።

ልዩነቱ በመድኃኒቱ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ለኤትሪያል ፊብሪሌሽን ዳቢጋትራን፣ ሪቫሮክሳባን፣ አፒክሳባን የሚባሉ አዳዲስ የደም ማቅጠኛዎች ወጥተዋል። በየጊዜው የደም ምርመራ አያስፈልጋቸውም፤ ከምግብ ጋር ብዙም አይጣሉም፤ ለመንገደኛ የተመቹ ናቸው። ባሕር ማዶ ያለው ዘመድ ይህን ያውቃል፤ አገር ቤት ያለችው እህቱ በየወሩ ለምርመራ ስትመላለስ ያዝናል፤ እናም ለመጣ ሰው «እባክህ ይህቺን ለእህቴ አድርስልኝ» ብሎ የአዲሱን ኪኒን ጠርሙስ ይልካል። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ውጤቱ ግን ሊገድል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ኢንቪክተስ የተባለ ጥናት ሩማቲክ የልብ ሕመምና ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ያለባቸውን ከ4,500 በላይ ሰዎች ለሁለት ከፍሎ ለከፊሎቹ ሪቫሮክሳባን፣ ለቀሩት ዋርፋሪንን የመሰለውን የቆየ መድኃኒት ሰጠ። የቆየውን የወሰዱት ያነሰ ሞት ገጠማቸው። የብረት ቫልቭ ለተተከለላቸውም እንዲሁ፦ ዳቢጋትራን የተሞከረበት ጥናት የደም መርጋትም መድማትም ስለበዛበት እንዲቆም ተደርጎ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በቫልቭ መጥበብ ወይም በብረት ቫልቭ ዋርፋሪን የምትወስድ እህት ያለችው ሰው አዲሱን ኪኒን ከመላክ ይልቅ የምርመራዋን ወጪ ቢሸፍንላት ይሻላል። ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ በግልጽ የሚናገር ጽሑፍ ማነሱ ያሳዝነኛል፤ ይህ በየሳምንቱ በየአየር ማረፊያው የሚሆን ነገር ነውና።

ዋርፋሪን ይዞ መጓዝ የራሱ ጥንቃቄ አለው። የመጀመሪያው ቀለም ነው። በአሜሪካ ሮዝ ቀለም ያለው የዋርፋሪን ኪኒን 1 ሚሊግራም ነው፤ በእንግሊዝ አገር ሮዙ 5 ሚሊግራም ነው። «ሮዟን አንድ ትውጪያለሽ» ተብላ የኖረች ሴት መድኃኒቷ አልቆ በሌላ አገር በቀለም ከገዛች መጠኑ በአምስት እጥፍ ሊሳሳት ይችላል። አገራችን ከፋርማሲ የሚወጣው መድኃኒት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከነማሸጊያው አይደለም፤ ከቅጠሉ በመቀስ ተቆርጦ በትንሽ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ በላዩም «1×1» ተብሎ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ቅጠሉ ሲቆረጥ ስሙና መጠኑ የተጻፈበት ጫፍ ሌላ ሰው ጋ ይቀራል። እንዲህ ያለው ፖስታ በጉምሩክ ያስጠይቃል፤ ባለቤቱ ራሱን ስቶ ቢወድቅ ደግሞ ለድንገተኛ ክፍል ሐኪም ምንም አይነግረውም። ሙሉ ማሸጊያው፣ የመድኃኒቱ ሳይንሳዊ ስም፣ መጠኑ በሚሊግራም፣ የመጨረሻው አይ.ኤን.አር. (የደም መቅጠን ልክ) ውጤትና የመደበኛው ኢሲጂ ቅጂ በአንድ ወረቀት ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ከፓስፖርት ጋር መያዝ አለበት። ኢሲጂውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ብቻ እንኳ ብዙ ይረዳል፤ የውጭ ሐኪም ያየው ነገር አዲስ ይሁን የቆየ የሚለየው ከእሱ ነው።

ሁለተኛው ምግብ ነው። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃረናል። ጎመን አትብሉ የሚለው ምክር ግን ትክክል አይደለም፤ ትክክለኛው መጠኑን አለመለዋወጥ ነው። ችግሩ ጉዞ ምግብን መለዋወጡ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከስንት አንዴ ጎመን የሚቀምስ ሰው በዐቢይ ጾም መሀል አዲስ አበባ ከገባ በየቀኑ ይቀርብለታል፤ አይ.ኤን.አሩም ወደ ታች ይወርዳል። ፋሲካ ሲሆን ጎመኑ ከማዕድ ይጠፋና አይ.ኤን.አሩ ይወጣል። ለአብዛኛው የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሕመምተኛ ውጤቱ በ2 እና በ3 መካከል እንዲቆይ ስለሚፈለግ፣ ከደረሱ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ መመርመር ጥሩ ልማድ ነው።

አዲሶቹን መድኃኒቶች የሚወስደውም ከጾም ጋር ጉዳይ አለው። ሪቫሮክሳባን 20 ሚሊግራሙ ከምግብ ጋር ካልተወሰደ ወደ ደም የሚገባው ከሁለት ሦስተኛ አይበልጥም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ከዋጠው በየቀኑ ያነሰ መድኃኒት እየወሰደ ነው፤ ማታ ከራት ጋር ማድረግ ይፈታዋል። የረመዳን ጿሚም ኪኒኑን ከአፍጥር ጋር ሊያደርገው ይችላል። አፒክሳባን ከምግብ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ የእኛ ሰው ሌሎች የማያውቁት ችግር አለበት። የዓለም መመሪያዎች ሁሉ የሚያወሩት ስለ ሰዓት ክልል ልዩነት ነው፤ አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ግን በዚያ ላይ የስድስት ሰዓት ልዩነት ያለው የራሳችን አቆጣጠር አለን። ልጅ ከሲያትል በስልክ «ጋሼ፣ መድኃኒትህን በስምንት ሰዓት ውሰድ» ይላል፤ አባት «እሺ» ብሎ ምሳውን በልቶ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ይውጣል፤ ልጁ ያለው ጠዋት ሁለት ሰዓትን ነበር። ነርስ ፖስታው ላይ የጻፈችው «2:00»ም በሌላ አገር ያለ ልጅ ዓይን ሌሊት ስምንት ይሆናል። አንድ ቀን በስድስት ሰዓት መዘግየት ብቻውን አደጋ አይደለም። አደጋው ግራ ተጋብቶ ሁለት ጊዜ መዋጡ ወይም ጨርሶ መዝለሉ ነው። «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ ማረጋገጥ፣ ከዚያም ሰዓቱን ትቶ ከቀን ሥራ ጋር ማሰር ይሻላል፤ ከቁርስ በኋላ፣ ከራት ጋር፣ ከመኝታ በፊት። ለሦስቱም መድኃኒቶች፣ ለዋርፋሪን፣ ለሪቫሮክሳባንና ለአፒክሳባን፣ የተረሳውን ለማካካስ እጥፍ አይወሰድም። በረጅሙ በረራ ላይ በተነሱበት አገር ሰዓት መቀጠልና ከደረሱ በኋላ በሁለት ሦስት ቀን ማስተካከል ብዙ ሐኪሞች የሚመክሩት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያልተወራለት ግን የሆድ ሕመም ነው። ከውጭ የመጣ እንግዳ በሳምንቱ ተቅማጥ ይይዘዋል፤ ሰፈር ፋርማሲ ሄዶ ሜትሮኒዳዞል ወይም ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ማዘዣ ይገዛል፤ በሦስት ቀን ይሻለዋል። ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ግን ሁለቱም የደም ማቅጠኛውን ኃይል ያጠነክራሉ፤ ኮትሪሞክሳዞልም እንዲሁ። ድዱ መድማት ይጀምራል፣ ሽንቱ ይቀላል፣ ሲብስ አንጎል ውስጥ ይደማል። በዚያ ላይ ተቅማጡ ራሱ ፖታሲየምን ከሰውነት ያጥባል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ልብ በቀላሉ ምቱን ይስታል። በኢሲጂ ላይ «ረጅም ኪውቲ» የሚባለው ያለበት ሰውማ ለሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ለአዚትሮማይሲን፣ ለአንዳንድ የወባ መድኃኒቶችም ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ ላይ የሚቆይ ወባ አያሰጋውም፤ ጋምቤላ ወይም አርባ ምንጭ የሚሄድ ግን ከመነሳቱ በፊት የልቡን ሕመም ለሚያውቅ ሐኪም መናገር አለበት፤ ክሎሮኪንም ኮአርተምም ይህን የኪውቲ ልክ ያስረዝማሉና። ለፋርማሲስቱ መጀመሪያ መነገር ያለበት ዐረፍተ ነገር «ሆዴን አሞኛል» ሳይሆን «የደም ማቅጠኛ እወስዳለሁ» ነው። ተቅማጥ ሲይዝ የመጀመሪያው መድኃኒት ኦ.አር.ኤስ. ነው፤ ብዙውም በዚያው ያልፋል።

ስለ መጠጥ፣ ቡናና ጫት በአጭሩ። አልኮል ጥፋተኛ መሆኑ በሚገባ ተረጋግጧል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 በአውስትራሊያ በ140 ጠጪ የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት መጠጥ እንዲያቆሙ ከተደረጉት ሕመሙ የተመለሰባቸው 53 በመቶ ሲሆኑ፣ ከቀጠሉት ግን 73 በመቶ ነበሩ። ለሠርግ የመጣ ሰው ጠጅና ውስኪ እየተቀዳለት አንድ ሳምንት ከከረመ ልቡ በዓሉን አብሮት አያከብርም። ቡና ግን ስሙ ያለ አግባብ ጠፍቶ ኖሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት ቡና መጠጣት ከልብ ላይኛ ክፍል የሚነሱ ያለጊዜያቸው የሚመጡ ምቶችን በጉልህ እንደማይጨምር አሳይቷል፤ እንቅልፍን ግን ቀንሷል። ሦስቱንም ጀበና እስከ በረካ መጠጣት የሚለውን ሐኪሙና እንቅልፉ ይወስኑለት። ጫት ምትን የሚያፈጥን፣ የደም ግፊትንም የሚጨምር አነቃቂ ነው፤ በዚህ ሕመም ላይ ምንም ቦታ የለውም።

ፔስሜከር ያለው ሰው በፍተሻ በር ማለፍ ይችላል፤ በሩ ውስጥ መቆም ብቻ የለበትም። የእጅ መፈተሻው ደረቱ ላይ እንዳይቆይ መጠየቅና የመሣሪያውን ካርድ ማሳየት መብቱ ነው። ማግኔት ያላቸውን አዳዲስ ስልኮች በደረት ኪስ አለመያዝ ለፍተሻው ከሚደረገው ጥንቃቄ የበለጠ ይጠቅማል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ እህቶቻችን ጉዳይ ግን በዚህ መልክ አይታለፍም። ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባት ወጣት በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ያስፈልጋታል፤ ሰው ቤት ተቀጥራ በራሷ የማትወጣ ከሆነች መርፌው ይቋረጣል። ሕመሟ ቢታወቅ ሥራዋን እንዳታጣ ብላ ኪኒኗን የምትደብቅ፣ ቀስ በቀስም የምትተው አለች። የምት መቆጣጠሪያ የሆኑትን ቤታ ብሎከሮች በድንገት ማቆም ልብን በኃይል ያስፈነጥረዋል፤ ዋርፋሪንን መተው ደግሞ በብረት ቫልቭ ላይ ደም ያረጋል። ብታረግዝ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ በራሷ ብታቆመው ግን ለራሷ አደገኛ ነው፤ በአፋጣኝ ሐኪም ጋ መድረስ አለባት። ለጉዞ የሚያዘጋጁ ተቋማት ስለ ኮንትራትና ስለ ምግብ አሠራር ለሚያሠለጥኗት ሴት ለዚህ ጉዳይ ግማሽ ሰዓት መስጠት ግዴታቸው መሆን ነበረበት። የሕመም ማስታገሻም የጉምሩክ ጉዳይ ነው፦ የልብ መድኃኒቶች በተለምዶ ችግር የላቸውም፤ ትራማዶልና ኮዴይን ግን በተባበሩት አረብ ኤምሬትስና በሳዑዲ ዓረቢያ ቁጥጥር ያለባቸው ስለሆኑ ያለ ቅድመ ፈቃድ ይዞ መግባት ለእስር ሊዳርግ ይችላል።

የገንዘቡ ነገር በመጨረሻ ይነሳል እንጂ ትንሽ አይደለም። ለሼንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ መድን ይጠየቃል፤ ብዙ የጉዞ መድኖች ግን ቀድሞ የነበረን ሕመም በግልጽ ካልተመዘገበና ካልተከፈለበት አይሸፍኑም። ቅጹ ላይ «የልብ ሕመም አለ?» ሲል «የለም» ብሎ ርካሹን የገዛ ሰው ሆስፒታል ሲገባ መድኑ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። አሜሪካዊው ሜዲኬርም ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከአገሩ ውጭ አይከፍልም፤ ከጡረታ በኋላ ወራትን አገር ቤት ለማሳለፍ የሚመጡ ወላጆች ይህን ከመነሳታቸው በፊት ማወቅ አለባቸው። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል፣ ንግግር ሲተሳሰር፣ ወይም ልብ በኃይል እየመታ ራስ ሲስት፣ ሰዓት ሳይጠፋ የሚደወልባቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦ በኢትዮጵያ 907፣ በአሜሪካ 911፣ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ በእስራኤል 101፣ በኤምሬትስ 998፣ በሳዑዲ 997። ሲደውሉም መጀመሪያ አድራሻ፣ ቀጥሎ ምልክቱ የጀመረበት ሰዓት፣ ከዚያም የሚወሰደው የደም ማቅጠኛ ስምና የመጨረሻው ኪኒን የተዋጠበት ሰዓት ይነገራል፤ የስትሮክ ሐኪም የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት መስጠት አለመስጠቱን ከሚወስንባቸው ዋና ዋና ነገሮች እነዚህ ናቸው።